ቀጠሮ የማያውቅ ማንጎ

ሰውዬውን በስሙ የሚጠራው የለም። መታወቂያው ላይ ስም አለው፣ ደመወዝ መክፈያው ላይም አለው፤ መንደሩ አንድ ጊዜ «ጎትጓቹ» ካለው በኋላ ግን ስሙ ከነአባቱ ተረሳ። ነገሩ ወዲህ ነው። የማንጎ አምራቾች ማኅበር በዋናው ከተማ ቢሮ ከፍቶ ሲቀጥረው የሥራ መደቡን «የፖሊሲ ጉትጎታና የአጋርነት ባለሙያ» ብሎ ጻፈለት። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ጉትጎታ ደግሞ ደመወዝ ይከፈልበታል እንዴ? እኔ ጣሪያውን ቀይር እያልኩ ስጎተጉትህ የኖርኩትን ማን ይክፈለኝ?» አለችው። በማግስቱ ጎረቤት ሰማ፣ ገበያ ሰማ፣ ስሙም በዚያው ጸደቀ። የመንግሥት መመሪያ እንደዚያ ቶሎ ቢጸድቅ ምን ነበረ!

ከተማ የገባው ለአንድ የፍሬ ወቅት ብቻ ተብሎ ነው። ያኔ እሱም እንደ ሰዉ ማንጎ አምራች ነበር። ከመንደሩ እስከ ጭማቂ ፋብሪካው ባለው መንገድ ላይ ኬላዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ኬላ የራሱን ቀረጥ ይቀበላል፣ እያንዳንዱ ኬላ «አውርዱ፣ ልየው» ይላል። ሳጥኑ ይወርዳል፣ ይቆጠራል፣ ተመልሶ ይጫናል። ማንጎ ደግሞ ሲሚንቶ አይደለም፤ ባወረዱት ባነሱት ቁጥር ይጎዳል። በዚያ ዓመት የእሱና የሚስቱ ጭነት ፋብሪካው በር ላይ ሲደርስ ከሳጥኖቹ ሥር ውሃው ይንጠባጠብ ነበር። የፋብሪካው ዘበኛ «እናንተ ሰዎች፣ ጨምቃችሁት ነው እንዴ የምታመጡት?» ብሎ ቀለደባቸው። ጎትጓቹ አልሳቀም።

በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ብድግ አለና ደሙ ፈልቶ ተናገረ። ቀረጡ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መነሻው ላይ ይከፈል፤ ጭነቱ እዚያው ይታሸግ፤ ከዚያ በኋላ ፋብሪካው እስኪደርስ ማንም እጁን አያሳርፍበት አለ። ሰዉ አጨበጨበ። አጨብጭቦ ቢተወው ጥሩ፤ «አንተ አፍ አለህ፣ ከተማ ሄደህ ይህንኑ ንገርልን፣ ለአንድ ወቅት ነው» አለው። አይ አንድ ወቅት! አፍ ያለው ሰው አበሳው ብዙ ነው። ሲሄድ ልጁ ገና በደረቷ ትሄድ ነበር፤ አሁን የወተት ጥርሷን እየጣለች ነው።

ከተማ ውስጥ የሚኖረው ከአንድ ግቢ ጀርባ በተከራያት ክፍል ነው። አልጋ አለ፣ ወንበር አለ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ጥቁር ኮት አለ። ኮቱ የስብሰባ ነው፤ ሌላ ቀን አይነካም። መስኮቱ ላይ ደግሞ በዘይት ጣሳ የተተከለች የማንጎ ችግኝ ተቀምጣለች። ከቤት ያመጣውን ማንጎ በልቶ ሲጨርስ ፍሬውን መጣል አልሆነለትም፤ አፈር ውስጥ ቀበረው፣ በቀለ። ጠዋት ጠዋት ከመጠጫው የተረፈውን ውሃ ያጠጣታል። አከራይቱ አሮጊት እያዩት «ልጄ፣ ይቺ ነገር እዚህ አታፈራም እኮ» ይሉታል። «አውቃለሁ እትዬ። ለማየት ያህል ነው» ይላል።

ቢሮው ከአንድ የብረታ ብረት ሱቅ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ብረት ሲቆረጥ ከላይ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ሥራው ምንድን ነው ያለ እንደሆነ፣ መጠበቅ ነው። ኮሪደር ላይ ይጠብቃል፣ ጸሐፊ ፊት ይጠብቃል፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲባል ይጠብቃል። ከኃላፊዎቹ ይልቅ ጸሐፊዎቹን ያውቃቸዋል፤ የማንኛዋ ልጅ ፈተና እንዳለፈች፣ የማንኛዋ ወገብ እንደሚያማት። ደግሞ የምክክር መድረክ የሚሉት አለ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ጨርቅ ከግድግዳ ግድግዳ ይወጠራል፣ የታሸገ ውሃ በጠረጴዛው ላይ ይደረደራል፣ ከዚያ «ባለድርሻ አካላት» የተባሉት ተሰብስበው እስከ ምሳ ውሃ ሲወቅጡ ይውላሉ። ይህን በስልክ ሲያጫውታት ሚስቱ «እኔስ ያንተ ባለድርሻ አካል አይደለሁም እንዴ? የኔ መድረክ መቼ ነው የሚጠራው?» ትለዋለች። ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ ስልኩን ማን ቀድሞ እንደሚዘጋው ግራ ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ግን ቁርጥ ብሎ ተነግሮት ነበር። የጭማቂ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ ቀጭን፣ ችኩል፣ ስልኩ ከጆሮው የማይለይ ሰው፣ ከማኅበሩ ጋር ተፈራርሟል። ቀረጡን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያደርገው መመሪያ ከወጣ ፋብሪካው እነጎትጓቹ መንደር ላይ ማቀዝቀዣ ያለው የፍሬ ማከማቻ ይሠራል፤ የማከማቻው ኃላፊ ደግሞ ጎትጓቹ ይሆናል። ስለዚህ መመሪያው ወጣ ማለት ጎትጓቹ ቤቱ ገባ ማለት ነው። ሌላው ሰው ስለ ገበያ ሰንሰለት፣ ስለ እሴት ጭመራ፣ ስለ አጋርነት ሲያወራ እሱ የሚታየው የቤቱ በር ነው። በሩ ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ ሳይቀር ይሰማዋል። ዘይት ቢቀባ ዝም የሚል በር ነበር፤ እሱ ስለሌለ ማንም አልቀባውም።

ታዲያ እስከዚያው ለምን ብቅ እያለ አይጠይቃቸውም? ይህን እኔም ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ነገሩ እፍረት ነው። ገና ከአውቶቡስ ሲወርድ ገበያው ሁሉ «መመሪያው ወጣ?» ብሎ ይከበዋል። ምን ይበል? ባዶ እጁን መግባት ሞት መሰለው። ስለዚህ የሚመጣው እንግዳ ይዞ ብቻ ነው፤ አጥኚ ሲመጣ፣ ለጋሽ ሲመጣ፣ ጋዜጠኛ ሲመጣ። በመኪና፣ በጥቁሩ ኮት፣ እንግዶቹን ማንጎው ሥር አሳይቶ ሳይመሽ አብሯቸው ይመለሳል። ልጁ እናቷን «አንቺ»፣ አያቷን «አንተ» እያለች ያደገች ናት፤ እሱን ግን «እርስዎ» ትለዋለች። በመኪና የሚመጣና ኮት የሚለብስ ሰው እንዲህ ነው የሚጠራው ብላ እንጂ ማንም አላስተማራትም። መጀመሪያ የሰማ ዕለት ሳቀ። ከተማ ተመልሶ ኮቱን ሚስማሩ ላይ ሲሰቅል ግን ቆሞ ብዙ አየው።

በዚህ መሐል የመመሪያው ረቂቅ ከብዙ መከራ በኋላ ጉዳዩን የያዘው መምሪያ ምክትል ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ምክትሉ ወፍራም መነጽር ያለው፣ ወረቀት የሰለቸው ሰው ነው። «ወረቀት አትከምሩብኝ። ዛፉን ልየው፣ አምራቹን ልየው፣ ከዚያ ልወስን» አለ። ጎትጓቹ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወርዶ ስልክ አወጣ።

«ስሚ፣ ምክትሉ ሊመጣ ነው! ራሱ፣ በእግሩ!»

«እሰይ። አንተስ?»

«እኔ አይደለሁ የማመጣው?»

«ታዲያ ምን ላዘጋጅ?»

«ምንም። ማንጎውን ብቻ እንዳትለቅሚው። ዛፉ እንደሞላ ይየው።»

«በስሏል እኮ!»

«ትንሽ ነው የምትታገሺው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ማንጎ ቀጠሮ አያውቅም።»

«እሱ ባያውቅ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እኔማ መጠበቅ ሥራዬ ሆኗል» አለች። ቀልድ ይሁን ምሬት አልለየለትም።

ፍሬ ማቆየት በዚህ ሙያ የታወቀ ነገር ነው። ትልቅ ሰው ሲመጣ ዛፍ ሙሉ መሆን አለበት፤ ባዶ ዛፍ ሥር ቆሞ ስለ ምርት የሚናገር ሰው ማንም አይሰማውም። ስለዚህ ጎብኚ ሊመጣ ሲል አምራቹ እጁን ይሰበስባል፣ ፍሬው ቀን ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ይሳካል። ያልተሳካለት ደግሞ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል እንጂ ለማን አቤት ይላል?

ቀኑ ደረሰ፤ ምክትሉ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ ቀረ። ሌላ ቀን ተቆረጠ። ጎረቤቶቿ ለቅመው ሸጠው ጨርሰዋል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብለሽ ነው? ያንቺ ደግሞ ዛፉ ላይ ሊሸመግል ነው!» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም «የኔ ማንጎ ኮት ለባሽ እንጂ ደላላ አይቀርበውም» ትላቸዋለች፣ ከነሱ ጋር ትስቃለች፣ ቤቷ ትገባለች። ሁለተኛው ቀን ደረሰ፤ የውጭ እንግዶች መጡና ምክትሉ አሁንም ቀረ። ማታ ስትደውልለት ከጀርባዋ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ማንጎ ነው። ራሱን እየለቀመ ነው» አለችው።

«በቃ ልቀሚው እንግዲህ።» ይህን ሲል ድምፁ ወረደ፤ እሷም ሰማችው።

«ቆይ፣ ይመጣሉ» አለች። እንደገና ጧ አለ።

በመጨረሻ መጡ። መኪኖቹ አቧራቸውን አስነስተው ግቢው በር ላይ ተደረደሩ። ምክትሉ ወረደ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ወረደ፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ስልኩን እንደያዘ ወረደ፣ ጎትጓቹ ከኋለኛው መኪና ወረደ። ልጁ በር ላይ ቆማ «እንደምን ዋሉ?» አለችው፤ ከዚያ ለእንግዶቹ ወንበር ልታመጣ ሮጠች። አንዱን ወንበር ለእሱ ነበር ያመጣችው።

ዛፉ ሥር ሲደርሱ ሁሉም ቆሙ። መሬቱ ቢጫ ነበር። በየጠዋቱ ብታነሳውም በየቀኑ ይወድቅ ነበርና ኋላ ላይ እጅ ሰጥታ ትታዋለች። ፍሬው ፈንድቷል፣ ዝንብ ሰፍሮበታል፣ ጠረኑ ጣፋጭም የሚያቅለሸልሽም ነው። ቅርንጫፎቹ ላይ ጥቂት ብቻ ቀርተዋል። ሚስቱ እጇን በሽርጧ ጠቅልላ ግንዱ አጠገብ ቆማለች። ከስታለች፤ በስልክ ይህ አይታይም።

ምክትሉ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው። «ይህ ሁሉ በኬላው ምክንያት ነው?» አለ።

«እንዴታ ክቡር!» አለ ሊቀመንበሩ ፈጥኖ። «እኛስ የምንለው ይኸንኑ አይደል?» ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ፎቶ ማንሳት ጀምሯል።

ምክትሉ ራሱን ነቀነቀ። «ያን ሁሉ ወረቀት ከምትከምሩብኝ ይህን ብታሳዩኝ ኖሮ እስካሁን ፈርሜ ነበር። ሰኞ ረቂቁን አምጡልኝ።»

ሰኞ! ጎትጓቹ ልቡ ዘለለ። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ዝም ማለት ደግሞ ውሸት አይባልም፤ ስንቱ ትልቅ ሰው ዝም ብሎ አይደል የከበረው? ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። እሷም እያየችው ነው። ነገሩ ገብቷታል። በዓይኗ «ዝም በል» አለችው፤ ሰው ሚስቱን አያጣትም፣ በግልጽ ዝም በል ነው ያለችው። ከዚያ ዓይኑ እግሯ ሥር ወዳለው ፍሬ ወረደ። ያ ሁሉ ቀን ቁጭ ብላ ይህ ሲወድቅ ስትሰማ ነው የከረመችው።

«አይደለም ክቡር» አለ።

ሊቀመንበሩ ጫማውን ረገጠው።

«ኬላ ላይ የሚበላሸውን ከፈለጉ ኬላው ላይ ወስጄ አሳይዎታለሁ፤ እሱም ብዙ ነው። ይሄ ግን የትም አልሄደም። እዚሁ እርስዎን ሲጠብቅ ነው የወደቀው።»

«እኔን?»

«እርስዎን። አትልቀሚ ያልኳት እኔ ነኝ።»

የምክትሉ ፊት ቅጭም አለ። ሰዓቱን አየ። «እንሂድ» አለ፣ ወደ መኪናው ሄደ። ሊቀመንበሩ በአጠገቡ ሲያልፍ «አፍህን ይዝጋው!» ብሎት ምክትሉን ተከትሎ ሮጠ።

መኪኖቹ እስኪዞሩ ሚስቱ እጁን ይዛ ከቤቱ ጀርባ ወሰደችው። እያለቀሰች ነበር፤ ተናድዳም ነበር።

«ዝም ብትል ምን አለበት? አንድ ቀን ብትዋሽልኝ ምን ትሆናለህ?»

«አንቺ የጠበቅሽውን ለኬላ ልስጠው?»

«ለፈለግኸው ስጠው! እኔ የምፈልገው አንተን ነው!»

እንዲህ ብላው አታውቅም። ሁልጊዜ በቀልድ ጠቅልላ ነበር የምትሰጠው፤ ዛሬ እንዳለ ወረወረችው።

«ለነሱ ብዬ ያቆየሁት መስሎሃል?» አለች ዓይኗን በሽርጧ እየጠረገች። «እኔ ምክትሉን የት አውቀዋለሁ? ማንጎው ካለቀ አንተም አትመጣም። ለቅሜ ሸጬው ቢሆን ዛሬ ምን ብለህ ትመጣ ነበር? እስቲ ንገረኝ፣ ፍሬ ሳይኖር መጥተህ ታውቃለህ?»

አያውቅም። ወደ ኋላ ሄዶ ዓመት በዓመት ፈለገ፤ አንድም ጊዜ የለም። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ።

«ሂድ፣ እየጠሩህ ነው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሄደ። አዎ፣ ሄደ! ምን ዓይነት ሰው ነው ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ። ግን ስንት ዓመት መኪና ሲጠራው የሄደ እግር በአንድ ቀን አይመለስም። ልጁ ለእሱ ያመጣችውን ወንበር ወደ ቤት ስታስገባ በመኪናው የኋላ መስታወት አያት።

ሰኞ ምክትሉ ራሱ አስጠራው። ጎትጓቹ ከሥራ መባረሩን እያሰበ ገባ።

«ማንጎው የወደቀው በእኔ ነው ያልከኝ አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ ክቡር።»

«እዚህ የሚገባ ሰው ሁሉ እኔ የተናገርኩትን ደግሞልኝ ነው የሚወጣው» አለ ምክትሉ። ረቂቁን አገላብጦ ጫፉ ላይ ጻፈና ከሱ በላይ ወዳለው ኮሚቴ መራው። ደስ አይልም? ደስ ይላል። ግን ኮሚቴ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ረቂቁ አንድ ጠረጴዛ ተሻግሮ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተኛ። «የሚቀጥለው ወር» ተባለ፣ የሚቀጥለው ወር መጥቶ «የሚቀጥለው ወር» አለ።

ቤት ይደውላል። ሚስቱ ታነሳለች፣ «ደህና ነን» ትላለች፣ ትዘጋለች። ያ ሁሉ ተረቧ የት ገባ? ባለድርሻ አካል የለ፣ የጣሪያ ንዝንዝ የለ። የሚነዘንዘው ሰው ያጣ ባል እንዴት ሆድ እንደሚብሰው ያልደረሰበት አያውቀውም። አንድ ቀን ከቢሮው ታች ማንጎ የምትሸጥ ሴት ጋሪዋን አቁማ አየ። አንድ ገዛ፣ ክፍሉ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ አሸተተው። የሌላ አገር ማንጎ ነው፤ ጠረኑ ሌላ ነው። ሳይበላው እዚያው አሳደረው። ጣሳዋ ውስጥ ያለችውን ችግኝ ውሃ አጠጥቶ «አንቺም አኮረፍሽኝ?» አላት። እብደት ሲጀምር እንዲህ ነው መሰለኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስብሰባ ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ አለ፣ ሥራ አስኪያጁ አለ፣ የታሸገው ውሃ አለ። የኮሚቴው አባላት እነሱም ዛፉን ማየት ፈልገዋል ተባለ።

«አሁን እንውሰዳቸዋ!» አለ ሊቀመንበሩ።

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «ጋሼ፣ አሁን ምን ሊታይ? ዛፉ ባዶ ነው! ባዶ ዛፍ ሥር ሄዶ ምን ይሠራል? ሲያፈራ እንሄዳለን።» ወደ ጎትጓቹ ዞረ። «አንተ ለአምራቿ ደውልላትና ከወዲሁ ንገራት። ፍሬውን ታቆይልን። ዘንድሮ ጠበቅ አድርጋ ትያዘው።»

ጎትጓቹ ስልኩን እጁ ላይ ይዞት ነበር። አየው። ከታች ብረት ይቆረጣል፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ባዶ ዛፍ ሥር ሄዶ ምን ይሠራል? ይህን ጥያቄ ራሱም ስንት ጊዜ ራሱን ጠይቆ፣ ልክ ነው ብሎ፣ እዚሁ ቀርቷል።

«አምራቿ ሚስቴ ናት» አለ። «እሷን ከእንግዲህ አቆዪ የሚላት የለም።»

ሥራ አስኪያጁ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፤ ፊቱን አይቶ ተወው። ጎትጓቹ ተነስቶ ወጣ፤ ሊቀመንበሩ ተከትሎት ደረጃው ላይ ደረሰበት።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ጋሼ፣ ቤቴ ልገባ ነው።»

«ሂድ፣ እረፍ። ለስንት ቀን ነው?»

«ለቀን አይደለም። እስካሁን እዚህ ኖሬ ቤቴን ስጎበኝ ነበር። ከእንግዲህ ቤቴ ኖሬ እናንተን ልጎብኝ። ስብሰባ ሲኖር ጥሩኝ፣ እመጣለሁ፤ ረቂቁንም አልተወውም።»

«እንዲህ ያለ አሠራር የለንም እኮ!»

«እንግዲያው እንዲለወጥ ጎትጉቱልኛ» አለና ደረጃውን ወረደ።

ክፍሉን ለማሰናዳት ጊዜ አልፈጀበትም፤ የሱ የሆነ ብዙ ነገር አልነበረም። ለአከራይቱ ቁልፉን ሲያስረክብ ጣሳዋን ታቅፎ አዩትና «እሷንም ልትወስዳት? እሰይ ልጄ» አሉት። በአውቶቡሱ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ጣሳዋን ጭኑ ላይ አድርጎ መንገዱን ያያል። ኬላዎቹ ላይ የጭነት መኪኖች ተሰልፈዋል፣ ሽንኩርት ይወርዳል፣ ይቆጠራል፣ ይጫናል፤ ሾፌሮቹ ጎማ ሥር ጋደም ብለዋል። አውቶቡሱን ግን ማንም አላቆመው። በመጀመሪያው ኬላ አለፈ፣ በሁለተኛው አለፈ። ኬላው ሰው አግዶ አያውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ይህ መንገድ ክፍት ነበር፤ ይህን ሲያስብ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አለቀሰ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ መኪናው አሞት መስሎት ሎሚ ሰጠው።

ገበያው ላይ ሲወርድ ያው እንደ ልማዱ «መመሪያው ወጣ?» አሉት። «አልወጣም» አለ፣ አለፈ። አልሞተም፤ ቃሉ ይህን ያህል ቀላል ነው ብሎ አላሰበም ነበር።

የግቢው በር ሲከፈት ያው ድምፁን አሰማ። ሚስቱ ዛፉ ሥር ደረቅ ቅጠል እየጠረገች ነበር። ቀና አለች። ኮት የለም። መኪና የለም። ከኋላው ማንም የለም። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

«ምነው? ምን ሆነህ ነው? አሞሃል?»

«ደህና ነኝ።»

«መመሪያው ወጣ?»

«አልወጣም።»

«ማከማቻውስ?»

«እሱም የለም።»

ወደ ዛፉ ቀና ብላ አየች። አበባ እንኳ አልያዘም፤ ቅጠል ብቻ ነው። «ታዲያ አሁን ምን ልታይ መጣህ? ዛፉ ባዶ ነው እኮ።»

«ባዶ ነው ብዬ ነው የመጣሁት» አለ።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ እጁ ላይ ያለውን ጣሳ አየች። ይህችን ችግኝ በወሬ ታውቃታለች፤ መስኮት ላይ እንደምትቀመጥ፣ ከመስኮቷ እንደማትነሳ ስንት ጊዜ ነግሯታል። ጣሳው ከመጣ ክፍሉ ተለቅቋል ማለት ነው። አፏን በእጇ ያዘች። ልጃቸው ድምፅ ሰምታ ከቤት ወጣች፣ ማን መሆኑን ስታይ ወንበር ልታመጣ ዘወር አለች።

«ተይው ወንበሩን» አለቻት እናቷ። ጣሳውን ከእጁ ተቀበለችው። «አንተስ ምን በር ላይ ትገተራለህ? ግባ እንጂ፣ እንግዳ ነህ እንዴ?»